ካልሲ ውስጥ የተገኘው ካተር

ሐሙስ 7

የፌንጣ መምህርት «በየቀኑ የሆነ ነገር ጻፉ» ብላ ክፍሉን በሙሉ አዛለች። ፌንጣ ደግሞ ብቻዋን መልፋት አትወድም። «አጎቴ፣ ቁጭ ብለህ ስታየኝ አይመጣልኝም፤ አንተም ጻፍ» ብላ ይህን ደብተር ወረወረችልኝ። ይኸው ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጽፋለን። እሷ ስትጽፍ ምላሷን ታወጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፌንጣ ያልኳት አንድ ቦታ ስለማትረጋ ነው። አባቷ ቀድሞ አረፈ፣ እህቴ ደግሞ አምና። ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ናት።

ዛሬ ምንም አልሆንኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ለእሷ አውቶቡሱ ተበላሸ ብያታለሁ። ግን ለደብተር ተዋሽቶ ምን ሊገኝ?

ከዝሆኔ ጋር የአንድ ቢሮ ወለል ምንጣፍ ስናነጥፍ ዋልን። ዝሆኔ የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ ጠባብ በር ካጋጠመው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ስንጨርስ የዕቃ ሳጥኑን በሞተሩ ጭኖ ሄደ። እኔ ፌንጣን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። በሩ ላይ ፍተሻ አለ። አዲሱ የስለት ሕግ ከወጣ ጀምሮ ሰውን ከአናቱ እስከ ጫማው ይዳብሱታል። እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ፤ እኔን ያስጨነቀኝ ሰዓቱ ነው። ጥበቃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እግሬ ነዋ!»

«ከእግርህ ጋር ያለውስ?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ካተሬ ካልሲዬ ውስጥ ነበር። የምንጣፍ ካተር ምላጩ ጫፉ ላይ ይታጠፋል፤ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ያስፈራል። ጥበቃው ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየውና «በዚህ ማንን ታርድበታለህ?» አለኝ። «ይቅርታ፣ ረስቼው ነው» ብል ምን ነበረበት? ደሜ ፈላ። «እንዲህ ከቆየህብኝ ካንተ እጀምራለሁ» አልኩት። አፌን በቆረጠው! አጠገቡ የቆመው ፖሊስ አልሳቀም። እስኪመሽ ጣቢያ አስቀመጡኝ፤ ክስ አለብህ ብለው ለቀቁኝ። ፌንጣ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋር ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

አርብ 8

ቸኩያለሁ። ዝሆኔ ውጪ ሞተሩን እያስጮኸ ነው። ፌንጣ ምንም አታውቅም፣ አልሰማችምም። ትናንት ለዝሆኔ ስደውል መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ ነው ያወራሁት። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መስማት የለባትም።

ያው አርብ፣ ምሽት

ዝሆኔ ሥራ ቦታ «እኔ እኮ የማይገባኝ፣ ካልሲ ውስጥ መሆኑ ምን ያስገርማል?» አለኝ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን የእሱን እግር አየን። የእሱም እዚያው ነው። ሥራውን ያስተማረኝም ሰው ካልሲው ውስጥ ነበር የሚይዘው፤ የእሱም አስተማሪ እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ምንጣፍ አንጣፊ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ነው የሚውለው። ካተሩን ወገቡ ላይ ቢሰካው ሆዱን ይወጋዋል፤ ኪሱ ቢከተው ጭኑን። ወለሉ ላይ ቢያስቀምጠው ምንጣፉ ይወርድበታል። አንድ ጊዜ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ውስጥ ሙጫ ቀብተን፣ ጠፍጥፈን፣ ጠርገን ከጨረስን በኋላ መሐል ወለሉ ላይ እብጠት አየን። የዝሆኔ ካተር ነበር። ግማሹን ክፍል ገሸለጥነው። ተንበርክከህ ሳለህ ግን ቁርጭምጭሚትህ እጅህ ሥር ነው፤ ዞር ሳትል ታወጣዋለህ፣ ትቆርጣለህ፣ ትመልሰዋለህ። ውሎ አድሮ ከካልሲው ጋር አንድ ይሆናል። መኖሩን ትረሳዋለህ። እኔም የረሳሁት እንደዚያ ነው።

እሑድ 10

የቤተሰብ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የሚቀጥለው ወር ነው። የፌንጣ አሳዳጊነት በሕግ ለእኔ እንዲጸና የምንጠይቅበት። ቤቴን አይተዋል፣ ሥራዬን ጠይቀዋል፣ ጎረቤት አነጋግረዋል። የቀረው ከፖሊስ ንጹሕ መሆኔ ነበር። «እሱ ቀላል ነው» ያልኩት እኔው ነኝ፣ በዚህ አፌ።

ልጅቷን ቢነሡኝስ? ይኸው ጻፍኩት። አሁን ልተኛ።

ማክሰኞ 12

ጠበቃ አገኘሁ፤ አቅም ለሌለው ሰው በነጻ የምትቆም ወጣት ናት። የእስክሪብቶ ክዳን ታኝካለች።

«ሕጉ ካተሩን ብቻ አይደለም የሚያየው» አለችኝ። «ያው ካተር ሳጥን ውስጥ ሲሆን የሥራ ዕቃ ነው፤ ሰውነት ላይ ተደብቆ ሲገኝ መሣሪያ ይሉታል። ለምን ያዙት?»

«ለሥራ።»

«ጥሩ። የት ያዙዎት?»

«መናኸሪያ። ከሥራ ስመለስ።»

«ያስኬዳል። የት አድርገውት ነበር?»

«ካልሲዬ ውስጥ።»

ክዳኑን ከአፏ አወጣችው። «ሰው ካተር ካልሲ ውስጥ ለምን ይከታል?»

«ስለምንበረከክ ነዋ!»

አልገባትም። ባስረዳት ባስረዳት እምቢ ሲለኝ ወንበሬን ገፍቼ ቢሮዋ ውስጥ ተንበረከክሁ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ባለጉዳይ በሩን ከፈተች። እኔን አየች፣ ጠበቃዋን አየች፣ «ይቅርታ፣ ይጨርሱ» ብላ መልሳ ዘጋችው። ጠበቃዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም ሳቅሁ፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስትጨርስ ግን «አይቀየሙኝ» አለች። «አምና አውቶቡስ ውስጥ ሰው የተወጋው በዚሁ ዓይነት ካተር ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች አላበዱም። ዳኛዋም የምታየው እርስዎ ሲንበረከኩ አይደለም፤ ወረቀቱ የሚለው መናኸሪያ በር ላይ ጥበቃ ሲያስፈራሩ ነው።»

እውነቷን ነው። እኔም አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ ፌንጣም ትሳፈራለች። የማላውቀው ሰው ካልሲ ውስጥ ምላጭ አለ ቢሉኝ እኔው ነኝ መጀመሪያ የምጮኸው።

ሐሙስ 14

ፌንጣ ምን እንደነካት እንጃ። ሰሞኑን በሩን ስከፍት ሮጣ ትመጣና «ቁጭ በል፣ ደክሞሃል» ብላ ጫማዬን ታወልቅልኛለች። ካልሲዬንም ጭምር! የራሷን ካልሲ አልጋ ሥር የምታጠራቅም ልጅ! ወስዳ ታጥበዋለች። ልጅ እንዲህ ሳታስበው ታድጋለች ለካ። ለዝሆኔ ስነግረው «ትባረክ» አለና ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ 16

ሥራው እየገደለኝ ነው። የድሮው ካተሬ ፖሊስ ጋ ቀርቷል፤ አዲሱ አሁን ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በቆረጥኩ ቁጥር እነሣለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንበረከካለሁ። ጉልበቴ ይንቋቋል። በግማሽ ቀን የምናነጥፈው ክፍል ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ዝሆኔ «ስፖርት ነው» ይላል፤ እሱም ያለከልካል።

ሰኞ 18

ራት ላይ፦

«አጎቴ፣ ቀጠሮህ መቼ ነው?»

«የምን ቀጠሮ?»

ሩዟን እያላመጠች ትንሽ አሰበች። «የጥርስ።»

«ጥርሴን አላመመኝም።»

«እሺ» አለች። ልጆች ከየት እንደሚያመጡት።

ረቡዕ 20

ጠበቃዋ ደወለች። ዓቃቤ ሕጉ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ካመንኩ በገንዘብ ቅጣት ሊያልቅ ይችላል ብሏል። አንድ ጠዋት ገብተህ፣ አምነህ፣ ከፍለህ መውጣት ነው። ካላመንኩ ክርክር ነው፤ ከተረታሁ እስር ሊኖረው ይችላል።

«ባምን መዝገቡ ላይ ምን ይሰፍራል?» አልኳት።

«መሣሪያ ደብቆ በመያዝ ጥፋተኛ።»

«የቤተሰብ ዳኛው ያየዋል?»

«ያየዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሱን እኔ ልወስንልዎት አልችልም።» ክዳኑን ስታኝክ ይሰማኛል።

ዝሆኔ «እመንና ተገላገል» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «አትመን» አለኝ። ከዚያ ሳንድዊቹን ገመጠ።

ሐሙስ 21

ለእትዬ ደወልኩላት፤ የፌንጣ አባት ታላቅ እህት ናት። ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳት። አልቆጣችኝም። «አይዞህ ወንድሜ» አለችኝ። «ነገሩ ካልሆነልህ ልጅቷ ሜዳ ላይ አትወድቅም፤ እኔ ጋ ትመጣለች። የራሷ ክፍል አለላት፣ መስኮቱ ወደ አትክልቱ ነው።»

ደግ ሴት ናት። የእኔ ቤት መስኮት ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው። ስታስበው እዚያ ይሻላታል። ምንም አልከፋኝም፤ እንዲያውም ቀለል አለኝ።

ከዚያ ስልኩን ዘግቼ የፌንጣ አልጋ ሥር ያለውን ምንጣፍ አነሣሁና እንደገና አነጠፍኩት። ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ጠርዙን ሳየው ደስ አላለኝም፤ አንሥቼ ደግሜ አነጠፍኩት።

አርብ 22

ጠዋት። ለጠበቃዋ ደወልኩ። አላምንም አልኳት። ረስቻለሁ፣ አዎ። ሕጉን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት፣ አዎ። አፌም ባለጌ ነው። መሣሪያ ነው ብዬ ግን አላምንም፤ በዚያ ካተር እንጀራዬን ነው የበላሁት። ልጅቷን የማሳድገው በእሱ ነው፤ መሣሪያ ነው ብዬ ካመንኩ በገዛ አፌ ሰጠኋት ማለት ነው።

 

እሑድ 24

እንቁላል እየጠበስኩ ነው፣ ፌንጣ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች።

«አጎቴ፣ ለሥራ የምትለብሰው፣ መንገድ ላይ ግን ለብሰኸው የማትሄደው ነገር ምንድን ነው?»

«የጉልበት መከለያዬ። ምነው?»

«ለጽሑፌ ነው።» ጻፈች። ምላሷ ወጥቷል። «ታዲያ የምትረሳውን ነገር ለምን እሱ ላይ አትሰፋውም? እሱን ስታወልቅ አብሮ ይወልቃል።»

«የምን የምረሳው ነገር?»

«ምንም ይሁን። ሜትር። እርሳስ።» ዓይኗን ከደብተሩ አላነሣችም። «እንቁላሉ እያረረ ነው።»

አርሯል። እኔ መጥበሻውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። መከለያው ጉልበት ላይ ነው፤ ተንበርክከህ እጅህን ብትሰድ ከቁርጭምጭሚት የራቀ አይደለም። ጎኑ ላይ ጠንካራ የሸራ ኪስ ቢሰፋለት ካተሩ እዚያ ይገባል፤ ሥራ ሲያልቅ መከለያው ወደ ሳጥን፣ ካተሩም አብሮት። የጉልበት መከለያ አድርጎ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው የለም! ስንት ዓመት ሙሉ ስንቶቻችን ያላሰብነውን ልጅቷ፣ ያውም ሳታውቀው፣ ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ብላ ተናገረችው። አቅፌ ግንባሯን ሳምኳት። «ምን ሆንክ?» አለች። «እንቁላሉ አረረ» አልኳት።

ማክሰኞ 26

ዝሆኔ ሰፋው። በእነዚያ ጣቶቹ! ብርቱካናማ ሸራ፣ ከሩቅ የሚጮህ። ሁለት ክፍል አነጠፍንበት። ይሠራል። ይሠራል!

ረቡዕ 27

የካተሩ ክርክር ነገ ነው። ሸሚዜን ተኮስኩ። ፌንጣ «ለጥርስ ሐኪም ነው ሸሚዝ የምትተኩሰው?» አለችኝ። ዘመድ ጋ ነው አልኳት። አምናኛለች።

ጥበቃውም ምስክር ሆኖ ይመጣል። እኔን ለመቅበር አፉን ሞልቶ ቢናገር አልፈርድበትም።

ሐሙስ 28

ከየት ልጀምር።

ዳኛዋ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው በላይ በኩል ነው የሚያዩት። ካተሬ ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እዚያ ሆኖ ሳየው እኔንም አስፈራኝ። ዓቃቤ ሕጉ ጨዋ ሰው ነው፤ አልጮኸም፤ አዋጁን አነበበ፣ የተናገርኩትን አነበበ። በሰው አፍ ሲነበብ ቀልድ አይመስልም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ከዚያ ጥበቃው ገባ። ያለ ደንብ ልብሱ ትንሽ ሰው ነው።

«ተከሳሹ ሲናገር ፈርተህ ነበር?» አለው ዓቃቤ ሕጉ።

«አልፈራሁም።»

«ካንተ እጀምራለሁ ብሎህ?»

ጥበቃው እጁን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣ። «ክብርት ዳኛ፣ ‹ማንን ታርድበታለህ› ብዬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ስዳብስ ውዬ ደክሞኝ ነበር። መለሰልኝ። ባለጌ ነው፣ እሱን አልክድም።» ሰዉ ሳቀ። «ግን ሰው ሊወጋ የመጣ ሰው እንደዚያ ማስቲሽ ማስቲሽ አይሸትም። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አልቋል፤ የምንጣፍ ብናኝ ለብሷል። ደግሞ ሰዓቱን እያየ ‹ልጄ ትጠብቀኛለች፣ ልጄ ትጠብቀኛለች› ሲል ነበር።»

ልጄ ማለቴን እኔ አላስታውስም። እንባዬ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ በተተኮሰው ሸሚዝ እጅጌ ጠረግሁት።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። «የሥራ ዕቃ ነው እንበል። ሕጉ ሳጥን ወይም ቦርሳ ውስጥ ይሁን ይላል። ነገ ደግሞ እንዳይረሱት ምን ያግድዎታል?»

ጠበቃዋ አስፈቅዳ መከለያውን ሰጠችኝ። ጉልበቴ ላይ አሰርኩት፣ ተንበረከክሁ፤ ባዶ እጄን ከሸራው ኪስ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ኪሱ መለስኩ። «ይህን አድርጌ መንገድ አልሄድም፣ ክብርት ዳኛ። ሳወልቀው አብሮ ይወልቃል።»

«ማን አሰበው?»

«የእህቴ ልጅ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

ዓቃቤ ሕጉ መከለያውን ተቀብሎ አገላበጠው። ኪሱን በጣቱ ሞከረ። ዳኛዋ የሆነ ነገር ጠየቁት፤ «ተቃውሞ የለኝም» ሲል ሰማሁት። የዝሆኔ ትንፋሽ ከኋላ መቀመጫ ተሰማ፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው።

ካተሩ የሥራ ዕቃ ነው ተባለ። አያያዜ ስሕተት ነው ተባለ፤ በማስጠንቀቂያ። ጥፋተኛ ተብዬ አልተመዘገብኩም። ስወጣ ዳኛዋ «ለአፍዎም ኪስ ያሰፉለት» አሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ ጥበቃውን ተከትዬ ደረስኩበት። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «አንተም» አለኝ። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ። «‹እግሬ ነዋ!› ያልከውን ለሚስቴ ነግሬያት እስካሁን ትስቃለች። እኔ እዚያው ልስቅ ነበር፣ ፖሊሱ ቆሞብኝ ነው እንጂ።»

ማታ ፌንጣን ቁጭ አደረግኳት። «ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አልኳት።

«የካልሲው ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ውሃ ስትከፍት እኮ ጮክ ብለህ ነው የምታወራው።»

ለካ ጫማ ማውለቁ ፍተሻ ነው! ሥራ ስንጨርስ ዝሆኔ ያየኛል፣ ቤት ስገባ እሷ ታየኛለች፤ ተነጋግረው ነው። የኔ ነገር፣ ልጅ ጨዋ ሆነችልኝ ብዬ ስኮራ ሰነበትኩ። ሳቅሁባት፣ ሳቀችብኝ። ከዚያ ድንገት ፊቷ ተቀየረ። «እትዬ ጋ ትልከኛለህ ብዬ ነበር» አለች። አንጀቴን በላችው። ብትፈቅጅልኝ የትም አልልክሽም አልኳት። «እሺ፣ ፈቅጃለሁ» አለች።

ረቡዕ 11

ተፈቀደ። ተፈቀደ! ፈርሜያለሁ፣ ማኅተሙ ተመትቷል፣ ዝሆኔ በር ላይ እንደ ሕፃን አልቅሷል፣ ለእትዬ ደውለን በስልክ እልል ብላለች። ፌንጣ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እየጻፈች ነው፤ እኔ ግን የትንንሾቹን ነገሮች ቅደም ተከተል ሳልረሳ ላስፍረው።

የቤተሰብ ዳኛው ወጣት ሰው ነው። ወረቀቱን ሁሉ አገላብጦ ሲጨርስ ልጅቷን ላነጋግራት አለ። ፌንጣ ከአጠገቤ ተነሥታ ዳኛው ፊት ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ አየኋት። እኔ ግን እግሬ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በእጄ ብይዘው እጄም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ አየችኝ። ከወንበሯ ወርዳ መጣችና ማንንም ሳታስፈቅድ እጄን ያዘችኝ።

ዳኛው አልተቆጣም። «እሺ፣ ከዚያው ንገሪኝ» አላት። «ቤት ውስጥ የሚንከባከብሽ ማነው?»

«ተራ በተራ ነን» አለች ፌንጣ። «ዛሬ የኔ ተራ ነው።»